ብቻዋን የማትነፋ ጥሩምባ

በእኛ ሰፈር ብቻውን የሚመጣ ነገር የለም። ያላመነኝ ሰው አንድ ቀን ጳውሎስ ጋ ከታክሲ ይውረድና የሆስፒታሉን በር ይመልከት። አንድ ሰው ጨጓራውን ታሞ ሲመጣ አማቱ ፔርሙስ አንጠልጥላ፣ አጎቱ ብርድ ልብስ ታቅፎ፣ ጎረቤቱ ባዶ እጁን፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ደግሞ «መንገዴ ስለሆነ ነው» እያለ ይከተሉታል። «ታማሚው ብቻ!» የሚል ድምፅ ከበሩ ይሰማል። ታማሚው ብቻ? እኛ አገር ብቻውን የሚታመም ሰው ካለ እሱስ እውነትም ሐኪም ያስፈልገዋል።

ቧንቧም ያው ነው። ሠራተኛ ጠርታችሁ «ይቺን የኩሽና ቧንቧ ብቻ ሥራልኝ» ስትሉት ግድግዳውን በጣቱ እየቆረቆረ ወደ ሳሎን ይሄዳል፣ ከሳሎን ወደ ግቢ ይወጣል፣ የጎረቤትን አጥር ተንጠራርቶ ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣና «እሷ ብቻዋን አይደለችም» ይላችኋል። እኔም እንደ እናንተ ሰበብ ፍለጋ መስሎኝ ስናደድ ኖሬአለሁ።

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በዚህ ሙያ የተማርነው ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛውን ተቃራኒ ነው። ትልቁን ሥራ ከፋፍለው፤ እያንዳንዷን ክፍል ለብቻዋ ሥራት፣ ለብቻዋ ፈትሻት፣ ስታበቃ ወስደህ ከዋናው ጋር ግጠማት። ድስት ግጣሙን አያጣም አይደል የሚባለው? አስተማሪያችን ይህን ሲነግሩን ሁላችንም አንገታችንን እየነቀነቅን ጻፍን። አንገት መነቅነቅ ቀላል ነው። እሳቸው ለእድር ሶፍትዌር ሠርተው አያውቁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቴ ነው። እናቴ ወይዘሮ ዘርፌ ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ፣ ከሱሉልታ በኩል መጥታ ቁስቋም ዳገት ላይ በተከራየኋት ቤት ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ሁሉንም ነገር ለምዳለች። ብርዱን አገሯ ስላለ አትፈራውም፤ ከተራራው ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ እየተጨዋወተች ወዳጅ አፍርታለች። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳታል፤ እድር የላትም። አገሯ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ያላለቀሰችበት ለቅሶ፣ ንፍሮ ያልቀቀለችበት ድንኳን የለም። «የቀበርኳቸውም፣ ሊቀብሩኝ የነበሩትም እዚያ ቀሩ። እዚህ እኔን ማን ይቀብረኛል?» ትለኛለች፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ እማ?» እላታለሁ።

«አንተ ብቻህን ቃሬዛ ትሸከማለህ?» ትለኛለች።

ቃሬዛ ብቻውን የሚሸከም ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። እናንተም አታገኙም።

ስለዚህ የሰፈሩን እድር ሊቀመንበር ሄጄ አነጋገርኳቸው። ሻለቃ መንገሻ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ጡረታ የወጣው ግን ደሞዛቸው ነው እንጂ ወታደርነታቸው አይደለም። ከመቀመጫቸው ሳይነቃነቁ «አባል ሞልቷል። ሕግ ሕግ ነው። አንድ ሰው ሳይወጣ አንድ ሰው አይገባም» አሉኝ። በምን በምን እንደሚወጣ ጠየቅኳቸው። «አንድም ሰፈር በመልቀቅ ነው። አንድም...» አሉና ዐይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሱ። የቁስቋም አየር ነው መሰለኝ፣ የሰፈራችን ሰው አይለቅም፣ በቀላሉም አይሞትም። ተስፋዬ ኮርኒሱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣሁ።

ግን ሳይደግስ አይጣላም። በዚያው ሰሞን እድሩ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ተነሳ። ዋናውን ሥራ የያዘችው የሻለቃው የወንድም ልጅ ሕሊና ነበረች፤ የሙያ አጋሬ ናት፣ ጎበዝ ልጅ፣ አንድ መሥሪያ ቤት እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ የአባላቱን ስም፣ መዋጮውን፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ነገር ሁሉ በአንድ ሶፍትዌር ታሰናዳለች። ለአንዲት ክፍል ግን ጊዜ አጠራት፤ ጥሩምባዋ። የሰፈራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሼ ዘነበ ሳንባቸው አሁንም የጎረምሳ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ዳገቱን እምቢ ብሏል። ሰው ሲሞት ሐዘኑን ለእድርተኛው ሁሉ በስልክ መልእክት የምታደርስ ክፍል ታስፈልጋለች ተባለ። እኔም «እኔ እሠራታለሁ!» ብዬ ዘው አልኩ። ሻለቃው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጥሩምባዋን ሥራልን፤ የእናትህን ነገር እናየዋለን» አሉ። «እናየዋለን» በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። ሰው ግን እናቱ ስታሳዝነው አማርኛ ይጠፋበታል።

ወደ ሕሊና ሄጄ «በይ ዋናውን ሥራ ስጪኝ፣ እሱ ላይ ሆኜ ጥሩምባዋን ልሥራ» አልኳት። ፊቷን ቅጭም አድርጋ «ጋሼ ከልክለዋል» አለችኝ፤ አጎቷን ሻለቃውን ማለቷ ነው። አባል ያልሆነ ሰው የአባላትን ገመና አያይም፤ ማን መዋጮ እንዳሳለፈ፣ ማን ለቅሶ እንደቀረ፣ ማን ስንት ጊዜ አማቱን እንደቀበረ የእድርተኛ ምስጢር ነው። ልብ በሉልኝ እንግዲህ። አባል ለመሆን ጥሩምባዋን መሥራት አለብኝ። ጥሩምባዋን በወጉ ለመሥራት ደግሞ አባል መሆን አለብኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፤ ያውም እኔ ላሟን ሳላይ ጥጃዋን እንድሠራ ነው የታዘዝኩት።

«ለብቻዋ ሥራትና አምጣት፤ እኔ እገጥማታለሁ» አለችኝ ሕሊና። አስተማሪያችን ትዝ አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ቤቴ ገብቼ ሠራኋት። ጥቂት ቀን ነው የፈጀችብኝ፣ ቆንጆ ሆና ወጣች። ከዚያ ላስነሳት ብል አልነሳ አለች። «የአባላት ዝርዝር የት አለ?» አለችኝ፤ በእርግጥ እንደዚህ በጨዋ አማርኛ አላለችኝም፣ በቀይ ቀለም ነው የጮኸችብኝ፣ ትርጉሙ ግን ይኸው ነው። የአባላቱ ዝርዝር ሕሊና ጋ ነው። የውሸት ዝርዝር ሠርቼ ሰጠኋት። «የቤት ቁጥሩስ?» ቤት ቁጥር ሰጠኋት። «ሐዘኑን የሚያጸድቀው ሊቀመንበር ማን ነው?» ሊቀመንበር ሾምኩላት። ሊቀመንበሩ «ጸሐፊ አምጣ» አለ። ለጸሐፊው ድንኳን፣ ለድንኳኑ ድንኳን ተካይ አስፈለገ። በትልቅ ቤት ያደገች ልጅ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ስትገባ «ሠራተኛዋስ? ዘበኛውስ? እነማሚቱስ?» እንደምትለው ነው። አንዲት ጥሩምባ ብቻዋን ላቆም ብዬ፣ ሳላስበው ሳሎኔ ውስጥ አንድ ሙሉ እድር አቋቋምኩ። ለእድር አባልነት የተከለከልኩ ሰው የራሴ እድር መሥራች ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አሁን የቀረው ሟች ነው። ጥሩምባ ያለ ሟች ምን ትነፋለች?

እዚህ ላይ ጣቴ ተሳሰረ። የማውቀውን ሰው ስም ጽፌ «አረፉ» ልል ብል ሟርት መስሎ ታየኝ። የራሴን ስም ልጽፍ ስል እናቴ ኩሽና እያለች፣ እግዜርም ከላይ ሆኖ የሚያነብ መሰለኝ። ስለዚህ በሰፈሩ የሌለች ሴት ፈጠርኩ፤ ስሟንም የሺመቤት አጥናፉ አልኳት። መጀመሪያ ስም ብቻ ነበረች። ጥሩምባዋ ግን በስም ብቻ የሚሞት ሰው አትቀበልም። ባል ጠየቀች፣ ዳርኳት። ልጆች ጠየቀች፣ ወለድኩላት። የቀብር ቦታ ጠየቀች፣ ቁስቋም አልኳት። ኑሮዋ እየሞላ ሲሄድ «አንቺ» ማለቱ እያሳፈረኝ መጣና ወይዘሮ የሺመቤት፣ አንቱ አልኳቸው። በመጨረሻ ጥሩምባዋ የቤት ቁጥር ጠየቀች፣ ያውም ከሰፈሩ ቁጥሮች አንዱን። የሰው ቤት ላይ እንዴት ሞት እጽፋለሁ? የራሴን ቤት ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ጥሩምባዬ ሠራች። በተነሳች ቁጥር ደኅንነቷን ለመፈተሽ መጀመሪያ የወይዘሮ የሺመቤትን ሞት ትነፋለች፤ መልእክቱ እኔው ኮምፒውተር ላይ ጢጥ ብሎ ይወጣል፣ እኔም ተመስገን እላለሁ። ሴትዮዋ ስንት ጊዜ እንደሞቱ እሳቸውና እኔ ነን የምናውቀው። እናቴ ጢጥታውን በሰማች ቁጥር «ማን ሞተ?» ትላለች። «ማንም» እላታለሁ። «ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?» ትለኛለች። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

የመግጠሚያው ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የኮሚቴው ሰዎች በእድሩ ቤት ተሰብስበው፣ ሕሊና ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ሻለቃው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠበቁኝ። ጥሩምባዬን አስቀድሜ ልኬላት ስለነበር «ክፍሏን ብቻ ነው አይደል የወሰድሽው?» አልኳት።

«እሷን ብቻ ስወስድ አልነሳ አለች እኮ» አለች ሕሊና። «እ... የፈጠርካቸውን ሰዎች ሁሉ አራግፌ ጥዬአቸዋለሁ። አንዲቷን ሴትዮ ስነካ ግን ቀጥ አለች። በቃ አንድ ሴት ምን ትጎዳናለች ብዬ ተውኳት።»

ይህን ስትል ጣቷ ማስነሻው ላይ ነበር። «ቆይ!» አልኩ። ጣት ከጆሮ ይፈጥናል።

መጀመሪያ የሻለቃው ኪስ ጢጥ አለ። ከዚያ የጸሐፊው። ከዚያ በክፍሉ ያለው ኪስ ሁሉ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ከግቢው፣ ከመንገዱ፣ ከወዲያኛው ሱቅ ጢጥታው እየተቀባበለ ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁት። ወይዘሮ የሺመቤት አጥናፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሞቱ።

ሻለቃው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ሁሉም ተከትሎ ነፍስ ይማር አለ። እኔ የጠበቅኩት ከመካከላቸው አንዱ «ይቺ ሴት ደግሞ ማን ናት?» ይላል ብዬ ነበር። ማንም አላለም። እስቲ አስቡት፤ እድርተኛ ሆኖ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ሰፈር ኖሮ፣ የሞተችውን ጎረቤቱን «አላውቃትም» ብሎ የሚናገር ማን ደፋር አለ? እያንዳንዱ ሰው የማያውቃት እሱ ብቻ የሆነ መስሎት አንገቱን ደፋ። ጸሐፊው ጭራሽ «ትናንትና ደኅና አልነበሩ እንዴ!» አለ።

«ሻለቃ፣ እንዲህ የሚባሉ ሴት በዓለም ላይ ኖረው አያውቁም» አልኩ።

ሻለቃው የቤቱን ቁጥር ደግመው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ፊታቸው በሐዘኔታ ተለሰለሰ። «አንተ ቤት ነው እኮ፤ አክስትህ ናቸው?» አሉ። «አይዞህ ልጄ። ሐዘን ሲጠና እንዲህ ያስክዳል።» በዐይናቸው ጠቀሱ፤ ሁለት ጎበዛዝት ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። በካድኩ ቁጥር አጥብቀው ይዘው «አይዞህ» ይሉኛል። ሕሊናን ዞር ብዬ ባያት ኮምፒውተሯን አቅፋ ከንፈሯን ነክሳ ከኋላችን ትከተላለች፤ አጎቷን በሰው ፊት ማሳፈር የማይሞከር ነገር ነው።

ያኔ እንኳ ነገሩ በእድሩ ቤት ባለቀ ነበር፣ ጋሼ ዘነበ ባይኖሩ። እሳቸው መልእክቱን ቤታቸው ሆነው አነበቡ። ስልክ ቀደመኝ ብለው ተናደዱ መሰለኝ፣ ጉልበታቸውን ረስተው፣ ጥሩምባቸውን ከግድግዳ አውርደው ዳገቱን ወጡትና እየነፉ «እድርተኛ ሁሉ! ወይዘሮ የሺመቤት አጥናፉ አርፈዋልና ውጣ!» አሉ። ስልኩን የተጠራጠረ ሰው ጥሩምባውን ሰምቶ አመነ። ጥሩምባውን የተጠራጠረ ስልኩን አውጥቶ አረጋገጠ። በሁለት ምስክር ነገር ይጸናል ይላል መጽሐፉ፤ ሁለቱ ምስክሮች ከአንድ አፍ መውጣታቸውን ማን ይመረምራል።

እኔ በሁለት ሰው ተደግፌ ቤቴ ስደርስ ድንኳኑ ግማሽ ቆሟል። ወንበር በወንበር ላይ ይወርዳል። አጥሩ ጋ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው የሰፈሩ አንጋፋ እትዬ ብዙነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የኔን ሰርግ ድግስ የያዘችው እኮ እሷ ናት! እጇ ሲጣፍጥ!» ይላሉ። ሌላዋ ሴት «ዝምተኛ ነበረች» ትላለች። ይህችኛዋ ልክ ናት፤ ከእኔ በቀር ድምፃቸውን የሰማ የለም።

እናቴ በድንኳኑ መካከል ቆማለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። እኔን በሁለት ሰው ተይዤ ስመጣ ስታየኝ ጮኸች፤ ሮጣ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችውና ዐይኔን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን እንደ ዐይነ ስውር ዳሰሰችው። ለካ ስሙን አላጣራችም፤ ከቤታችን ሰው ሞተ ሲሏት እኔ የሞትኩ መስሏታል፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው የለም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ሁሉ ያስቀኝ ነበር። ፊቴን ስትዳስሰው ሳቄ ጠፋ፤ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ወይዘሮ የሺመቤት የሉም፣ አልነበሩም፣ ጥሩምባዋን ለመፈተሽ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። ሕሊናም ከኋላ «እውነቱን ነው፣ ጋሼ» አለች።

ድንኳን ተካዮቹ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ እንባቸውን በአንዴ አደረቁትና «እና እኔ ሰርጌን አላውቅም ነው የምትለኝ?» አሉ።

ሻለቃው ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «ስማ» አሉኝ። «በሞት አይቀለድም። በእድር አይቀለድም። ይህን ሁሉ ሰው ከምሳው አስነስተህ ሜዳ ላይ አስለቀስክ። እናየዋለን ያልኩህ ነገር ታይቷል። አበቃ። በሉ ድንኳኑን ንቀሉ!»

እናቴን ላያት አልደፈርኩም። ስፈጥር፣ ስድር፣ ስወልድ፣ ስገድል ከርሜ፣ የእናቴን ቀባሪዎች በአንዲት ጢጥታ አባረርኳቸው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች፤ እኔ ግን ያሳጠርኩት የእናቴን ነው።

«ሻለቃ፣ አንድ ጊዜ» አሉ ጋሼ ዘነበ። ጥሩምባቸውን በብብታቸው አጣብቀው አጥሩን ተደግፈው ነበር፤ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። «እኔ ዳገቱን ስወጣ ከሁሉ በፊት የወጡት እኚህ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ አገኙኝና ‹ለቅሶው የት ነው?› አሉኝ። የእድሩ አባል እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ሟቿንም አያውቋቸውም። እኔ ነኝ የቤቱን ቁጥር አንብቤ ‹እርስዎ ቤት ነው› ያልኳቸው፤ ያኔ ነው ክው ያሉት።»

ሻለቃው ወደ እናቴ ዞሩ። «እድርተኛ ሳይሆኑ ለምን ወጡ?»

«ሰው ሞተ ተባለ» አለች እናቴ። ጥያቄው ግራ ገብቷት ነበር። «ሰው ሞተ ሲባል ምን ይደረጋል ታዲያ?»

መልስ ሳትጠብቅ «ደግሞ ቁጭ በሉ እንጂ፤ ስንዴና ሽንብራው ተጥዷል፣ ንፍሮ ሳትቀምሱ የት ትሄዳላችሁ?» አለችና ወደ ኩሽና ገባች። በድንጋጤዋ መካከል፣ ልጇ ሞቷል ብላ በምታስብበት ሰዓት፣ እጇ ብቻውን ሄዶ ድስት ጥዷል። እንግዲህ ከእሳት ላይ ያለ ንፍሮ ረግጦ የሚወጣ የጉለሌ ሰው አላየሁም። አንድ ሰው ተቀመጠ። ከዚያ እትዬ ብዙነሽ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም።

ሻለቃው ቆመው ቆመው በመጨረሻ እሳቸውም ወንበር ሳቡ። ንፍሮውን በመዳፋቸው ይዘው «እውነቱን እንነጋገር ከተባለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁላችንም የወጣነው ለማናውቃት ሴት ነው።»

«እኔ አውቃታለሁ!» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«ከእትዬ ብዙነሽ በቀር» አሉ ሻለቃው፣ ወታደር ናቸውና የማይሸነፍ ጦር አይተው ያውቃሉ። «የዚህን ልጅ እናት ያለ እድር መተው ነውር ነው። ግን ሕግ ሕግ ነው። አባል ሞልቷል፤ ምን ላድርግ? ሕሊና፣ እስቲ ኮምፒውተሩ ምን ይላል?»

ሕሊና ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። አየች። ዐይኗን አሸት አድርጋ ደግማ አየች። «ጋሼ፣ አንድ ክፍት ቦታ አለ ይላል።»

«የማን?»

«የሟቿ። የወይዘሮ የሺመቤት። ዛሬ ነው የተለቀቀው።»

ድንኳኑ ሁሉ ወደ ሻለቃው ዞረ። ሻለቃው ንፍሯቸውን አላምጠው ጨረሱ፣ እጃቸውን አራገፉ፣ እንደ ሰልፍ ቀና ብለው ቆሙና «ሕግ ሕግ ነው!» አሉ። «አንድ ሰው ወጥቷል። አንድ ሰው ይግባ።»

ጋሼ ዘነበ ጥሩምባቸውን ነፉ። ለምሥራች ሲነፉ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሕሊና ደወለችልኝ። ሶፍትዌሩን ልታጸዳ ብላ ወይዘሮ የሺመቤትን ሰርዛቸው ነበር፤ ጥሩምባዋ እምቢ አለች። በሌላ ስም ለወጠቻቸው፤ እምቢ። እኔም ቁጭ ብዬ ነቀልኩ፣ ተከልኩ፣ ከየት እንደምትያያዝ ፈለግሁ። ብቻዋን ስሠራት የተደገፈችው በእሳቸው ነውና አንድም ማገሯ ሳይነካቸው አልቀረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሶፍትዌር ይጨመርበት። «እንግዲህ መልሻቸው» አልኳት። አሁን የእድሩ ሶፍትዌር የሚነሳው በየጠዋቱ ለወይዘሮ የሺመቤት በልቡ ነፍስ ይማር ብሎ ነው። መልእክት እንዳይልክ ብቻ አፉን ዘግተነዋል።

ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት። «ቦታዋን ወስጄ ስሟንማ አላስፍቅም» አለችኝ። ቀጥላም፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ «ደግሞ አርባዋ ደርሷል» አለች።

«የማን?»

«የየሺመቤት ነዋ። ድንኳኗ የተተከለው እዚሁ ግቢ፣ ንፍሮዋ የተበላው እዚሁ። አርባዋን ዝም ብዬ ባሳልፍ ጎረቤት ምን ይለኛል? ጥራልኝ።»

«እማ፣ ሴትዮዋ እኮ...»

«ጥራ አልኩህ። ጥሩምባ የሠራኸው ለመቼ ነው?»

ጠራሁ። በጥሩምባዋ ጠራሁ። ሁሉም መጡ፤ እትዬ ብዙነሽ ከሁሉ ቀድመው፣ ሻለቃው ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ሕሊና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ጋሼ ዘነበ «መልእክቱ ደርሶኛል፣ ግን ለማንኛውም» ብለው ዳገቱ ላይ አንድ ጊዜ ነፍተው። ጭራሽ የማላውቀው ሰውም «መንገዴ ስለሆነ ነው» ብሎ ገባ። ማንም ስለምን እንደተጠራ አልጠየቀም። እናቴ ጠላ እየቀዳች ዞረችና ሲደክማት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ግቢውን የሞላውን ሰው፣ በተለይ የጎበዛዝቱን ትከሻ፣ አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አሁን ቃሬዛው አያሳስበኝም» አለችኝ።